ባለጉዳዩ የማይከፍተውን ገጽ ለምን በራሱ ዳታ ያወርዳል?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በአስተያየት አምዳችሁ ላይ አንድ ጸሐፊ፣ መሥሪያ ቤቶች በኢንተርኔት የጀመሯቸው አገልግሎቶች ለምን እንደሚንቀራፈፉ ሲያብራሩ ጥፋቱን በሙሉ በኔትወርኩ ላይ መጣላቸውን አንብቤ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ስለ ኔትወርኩ ያሉት ሐሰት ነው አልልም፤ እኔም እንደ ማንኛውም ሰው መስኮት ለመስኮት ስልክ ይዤ ሲግናል የፈለግሁባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ይሁን እንጂ ለዓመታት እንዲህ ያሉ ሥርዓቶችን በመገንባት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው በመሆኔ፣ የጥፋቱ ትልቅ ድርሻ የእኛ የገንቢዎቹ፣ ከእኛም ቀጥሎ ሥራውን ሳይለኩ ተረክበው ክፍያ የሚፈጽሙት መሥሪያ ቤቶች መሆኑን ሳልናገር ማለፍ አልፈለግሁም። መንገዱ ጠባብ ነው ብለን ስናማርር፣ በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ የምንሰደው ጭነት ምን ያህል እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ቀድሞ ድረ ገጽ ማለት ሰርቨሩ፣ ማለትም አገልግሎቱን የሚሰጠው ኮምፒዩተር፣ አዘጋጅቶ የሚልከው፣ ብራውዘሩም፣ ማለትም በስልካችን ላይ ድረ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ተቀብሎ የሚያሳየው ጽሑፍና ሥዕል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ጂሜይል ሲመጣ ግን፣ ገጹ እንደገና ከመጀመሪያው ሳይከፈት ደብዳቤ ማንበብ፣ መጻፍና መላክ እንደሚቻል ብዙ ሰው በዓይኑ አየ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው ቀስ በቀስ ከሰርቨሩ ወደ ተጠቃሚው ብራውዘር ተሻገረ። ዛሬ አንድ ትልቅ ዌብ አፕሊኬሽን ስንከፍት የምናወርደው ጃቫስክሪፕት በተባለ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ሙሉ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሲጻፍ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ተከፋፍሎ ይጻፋል፤ ለተጠቃሚው ከመላኩ በፊት ግን ባንድለር የሚባል መሣሪያ ሁሉንም ሰብስቦ በአንድ ፋይል ይጠቀልላቸዋል። ጥቅለላው ሲጀመር ምክንያት ነበረው። ብራውዘርና ሰርቨር በሚነጋገሩበት በቀድሞው የኤችቲቲፒ አሠራር ብራውዘሮች ወደ አንድ ሰርቨር በአንድ ጊዜ የሚከፍቱት መስመር ከስድስት ስለማያልፍ፣ አምስት መቶ ፋይል ተሰልፎ ተራውን እየጠበቀ ከሚመጣ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ቢመጣ ይሻል ነበር። ያኔ ጥቅሉ ትንሽ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ፕሮግራሙ ባደገ ቁጥር ጥቅሉ አብሮ እንደሚያድግ ግን ልብ ያልነው ዘግይተን ነው።

አንድ ባለጉዳይ የራሱን ዶሴ ለማየት ወደ መዝገብ ቤት ሄደ እንበል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ «መጀመሪያ በመደርደሪያው ላይ ያለውን ዶሴ ሁሉ ተሸክመህ ወደ ጠረጴዛው አምጣ፤ ከዚያ በኋላ የአንተን ፈልገህ ታወጣለህ» ቢለው ምን ይባላል? በዌብ አፕሊኬሽኖቻችን ላይ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ማመልከቻው መጽደቅ አለመጽደቁን ለማየት ብቻ የገባ ሰው፣ የመምሪያ ኃላፊው ብቻ የሚያየውን የሪፖርት ሠንጠረዥ፣ የመስክ ሠራተኛው ብቻ የሚከፍተውን ካርታ፣ አዲስ ሠራተኛ ለመመዝገብ የሚያገለግለውን የአስተዳዳሪ ገጽና የፒዲኤፍ ማዘጋጃውን ጭምር በራሱ ዳታ ያወርዳል። አንዱንም ሳያይ ይወጣል።

ስሌቱን ላሳይ። ሦስት ሜጋ ባይት የሆነ ጥቅል በሴኮንድ 400 ኪሎ ቢት በሚያሳልፍ መስመር ላይ ለመውረድ (አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው)፣ ሌላው መዘግየት ሁሉ ባይቆጠር እንኳ፣ 60 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ 150 ኪሎ ባይት ግን በዚያው መስመር ላይ በ3 ሴኮንድ ይወርዳል። ቁጥሮቹን ከሜዳ አላነሣኋቸውም። በጎግል የክሮም ቡድን ውስጥ ይሠራ የነበረው አሌክስ ራስል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጽሑፍ፣ 200 ዶላር ገደማ የሚያወጣ አንድሮይድ ስልክ፣ በሴኮንድ 400 ኪሎ ቢት የሚያሳልፍ መስመርና 400 ሚሊ ሴኮንድ የደርሶ መልስ መዘግየት መነሻ አድርጎ፣ ገጹ በ5 ሴኮንድ ውስጥ ለሥራ ዝግጁ እንዲሆን ከተፈለገ መጀመሪያ ላይ የሚላከው ነገር ተጨምቆ ከ130 እስከ 170 ኪሎ ባይት ባለው መጠን መወሰን እንዳለበት አስልቶ ነበር። ስልኮች ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፤ ከከተማ ወጣ ሲባል ያለውን መስመር ለሚያውቅ ሰው ግን የስሌቱ መንፈስ ዛሬም አልተሻረም።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ከማውረዱ በኋላ ያለው ሥራ ነው። 200 ኪሎ ባይት የሆነ ፎቶግራፍ ከወረደ በኋላ ተፈትቶ በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል። 200 ኪሎ ባይት የሆነ ጃቫስክሪፕት ግን ተጨምቆ የመጣው ተዘርግቶ የበርካታ እጥፍ መጠን ያገኛል፤ ከዚያም ብራውዘሩ ማንበብ፣ ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ መለወጥና ማስኬድ አለበት። ይህ ሁሉ የሚከናወነው በአብዛኛው ገጹን በሚሥለውና ለጣት ንክኪ መልስ በሚሰጠው በዚያው አንድ የሥራ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ርካሽ ስልክ የያዘው ሰው ቁልፉ እየታየው ቢነካው አይታዘዝለትም። ደጋግሞ ይነካዋል። ቆይቶም የነካው ሁሉ በአንድ ላይ ይፈጸምና ማመልከቻው ሁለት ሦስት ጊዜ ይላካል፤ በቢሮ ያሉትም «ሕዝቡ አጠቃቀሙን አያውቅም» ብለው ይተቻሉ። እንዲህ ሲባል በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው የምጽፈው።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይደለም። ፕሮግራሙን በየሥራው ከፋፍሎ፣ መጀመሪያ የሚያስፈልገውን ብቻ መላክ፣ ሌላውን ደግሞ ተጠቃሚው ሲደርስበት ማምጣት ነው። ጎግል ጃቫ በተባለ ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈን ፕሮግራም ወደ ጃቫስክሪፕት የሚለውጠውን ጎግል ዌብ ቱልኪት የተባለ መሣሪያ ሁለተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2009 ሲያወጣ፣ ገንቢው «ከዚህ በኋላ ያለው ሲፈለግ ይምጣ» ብሎ በኮዱ ውስጥ መቁረጫ የሚያኖርበትን ስልት አብሮ አቅርቦ ነበር። ቶቢያስ ኮፐርስ የተባለ ጀርመናዊ ይህንኑ ሐሳብ ከጃቫው ዓለም አውጥቶ በጃቫስክሪፕት ለሚጽፉ ሰዎች ለማድረስ እ.ኤ.አ. በ2012 ዌብፓክ የተባለውን ባንድለር ጀመረ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ዌብፓክን የጥቅለላ መሣሪያ ብቻ አድርገን ብናየውም፣ ከጅምሩ የተፈጠረበት አንዱ ዋና ምክንያት ጥቅሉን መክፈል ነበር። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ መሣሪያውን ተቀብለን የተሠራበትን ምክንያት ጥለነዋል። በኋላም ሞጁልን፣ ማለትም አንዱን የፕሮግራም ክፍል፣ በሚፈለግበት ሰዓት የሚጠራው ኢምፖርት የተባለው ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው የጃቫስክሪፕት ደረጃ ውስጥ ገብቶ የቋንቋው አካል ሆኗል። ዌብ አፕሊኬሽን ለመገንባት ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ የሆነው ሪአክት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው 16.6 እትሙ ለዚሁ ሌዚ የተባለውን ትእዛዝ ጨምሯል፤ መሰሎቹ አንጉላርና ቪውም የየራሳቸው መንገድ አላቸው። ስለዚህ ዛሬ መሣሪያ አጣን ብሎ የሚያመካኝ ገንቢ ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው።

አሠራሩ ለአንባቢ የሚከብድ አይደለም። ገንቢው በኮዱ ራስ ላይ «ይህን ሞጁል አስገባ» ብሎ ከጻፈ ባንድለሩ ሞጁሉን ከዋናው ጥቅል ጋር ያስረዋል፤ ትእዛዙን ግን ቁልፉ ሲነካ ወይም ገጹ ሲከፈት በሚፈጸመው ክፍል ውስጥ ከጻፈው፣ ባንድለሩ ያንን ሞጁልና እሱ ብቻ የሚጠቀምባቸውን ነገሮች ለይቶ በሌላ ፋይል ያስቀምጣቸዋል። ብራውዘሩም ያንን ፋይል የሚጠይቀው እዚያ ቦታ ሲደርስ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፋይል በስሙ ውስጥ ከይዘቱ የሚወጣ መለያ ስላለው፣ ይዘቱ እስካልተለወጠ ድረስ ስሙም አይለወጥም፤ ብራውዘሩም አንድ ጊዜ ያወረደውን በስልኩ ውስጥ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ዳታ ሳያወጣ ይጠቀምበታል። ሁሉም ነገር በአንድ ጥቅል ሲሆን ግን፣ በአስተዳዳሪው ገጽ ላይ አንድ ፊደል ብትታረም እንኳ የመላው ጥቅል መለያ ይለወጥና ሁሉም ባለጉዳይ ሁሉንም ነገር እንደገና ያወርዳል።

አሁን ከራሴ ሥራ ልናገር። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ዜጎች ማመልከቻ የሚያስገቡበት፣ ሠራተኞችም የሚመረምሩበት አንድ ሥርዓት ነበር፤ ከገነቡት ሰዎች መካከል እኔ አንዱ ስለነበርኩ ወቀሳው ለእኔም ነው። ርክክቡ ተፈጽሞ፣ ክፍያው አልቆ፣ አገልግሎቱ ከተጀመረ በኋላ ከክልል ከተሞች «አይከፍትም» የሚል ቅሬታ ይጎርፍ ጀመር። እኛ በቢሮአችን በፈጣን መስመርና በአዲስ ላፕቶፕ ስንከፍተው ወዲያው ስለሚከፈት ቅሬታውን ለረዥም ጊዜ አላመንንም ነበር። በመጨረሻ ከክሮም ብራውዘር የገንቢዎች መሣሪያዎች አንዱ በሆነውና ከወረደው ኮድ ውስጥ የትኛው እንደሠራ፣ የትኛው ሥራ ፈትቶ እንደተቀመጠ በቀለም ለይቶ በሚያሳየው ክፍል ስንመለከት፣ የመግቢያው ገጽ ላይ ከአራት እጅ ሦስቱ ቀይ ሆኖ አገኘነው። ቀይ ማለት ወርዶ ያልሠራ ማለት ነው።

ቀዩን እየገለጥን ስንመረምር ያገኘነው ነገር አሳፋሪም አስቂኝም ነበር። ካርታ የሚያሳየው ላይብረሪ (ሌሎች ጽፈው ያዘጋጁት ኮድ)፣ ግራፍ የሚሥለው፣ ኤክሴል የሚያዘጋጀውና ፒዲኤፍ የሚያወጣው ሁሉ በመግቢያው ገጽ ላይ ተጭነዋል። ቀን ለማስላት ያስገባነው ሞመንት የተባለው ላይብረሪ ደግሞ፣ ገንቢው ካልከለከለው በቀር የብዙ አገር ቋንቋዎችን የቀን አጻጻፍ ይዞ ስለሚጠቀለል፣ አንድ የገጠር አመልካች የይለፍ ቃሉን ከማስገባቱ በፊት የአይስላንድኛና የዌልስኛ የወር ስሞች ወደ ስልኩ ይገቡ ነበር። እኛ የምንፈልገው ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለውን ብቻ ነበር፤ ያንን ደግሞ የምናሰላው በራሳችን በጻፍነው ትንሽ ኮድ ነው።

የቆረጥነው በሁለት ደረጃ ነው። አስቀድመን በሰው ለየን፤ አመልካቹ፣ መርማሪውና አስተዳዳሪው በሦስት የተለያዩ በሮች እንደሚገቡ ቆጥረን፣ የአንዱ በር ኮድ ለሌላው እንዳይላክ አደረግን። ከጠቅላላው ጥቅም አብዛኛው የተገኘው ከዚህ አንድ ውሳኔ ነው፤ ሥራውም ከአንድ ሳምንት ብዙ አላለፈም። ቀጥለን በድርጊት ለየን፤ ኤክሴል የሚያዘጋጀው ላይብረሪ «አውርድ» የሚለው ቁልፍ ሲነካ፣ ካርታው ደግሞ የቦታው ገጽ ሲከፈት ብቻ እንዲመጣ ሆነ። በአንጻሩ ቀን የሚያሰላውን ኮዳችንን ከመግቢያው ጥቅል አላወጣነውም፤ መጠኑ ጥቂት ኪሎ ባይት ብቻ ስለሆነና በየገጹ ስለሚያስፈልግ ለብቻው ቢቆረጥ ትርፉ አንድ ተጨማሪ ጥያቄና አንድ ተጨማሪ መዘግየት ነበር።

ይህን የምልበት ምክንያት አለኝ፤ ከመጀመሪያው ውጤት በኋላ ደስታ አናታችን ላይ ወጥቶ ሁሉንም ነገር መቆራረጥ ጀምረን ነበር። እያንዳንዱ የቅጽ ሣጥን፣ እያንዳንዱ መስኮት ለብቻው ቁራጭ ሆነ። ገጹ ግን ፈጠነ ስንል ዘገየ። አንዱ ቁራጭ ወርዶ ሲከፈት ሌላ ቁራጭ እንደሚያስፈልገው ያኔ ይታወቃል፤ ያም ወርዶ ሲከፈት ሦስተኛውን ይጠራል፤ የደርሶ መልሱ መዘግየት ግማሽ ሴኮንድ በሚጠጋበት መስመር ላይ አራት ጊዜ እንዲህ መመላለስ ሁለት ሴኮንድ ማለት ነው። ሁለተኛው የኤችቲቲፒ እትም በአንድ መስመር ላይ ብዙ ፋይል ጎን ለጎን እንዲያልፍ ቢፈቅድም፣ ገና ያልታወቀን ፋይል አስቀድሞ ሊጠይቅ አይችልም። ከዚህም ሌላ ትንንሽ ፋይሎች ለየብቻ ሲጨመቁ እንደ ትልቅ ፋይል አይታመቁም፤ መጭመቂያው የሚሠራው የሚደጋገመውን እየፈለገ ስለሆነ በትንሽ ፋይል ውስጥ የሚደጋገም ነገር አያገኝም። የዌብፓክ አምስተኛ እትም በበርካታ ገጾች የሚጋራ ኮድ ለብቻው ተቆርጦ እንዲወጣ ቢያንስ 20 ሺህ ባይት እንዲሆን በነባሪነት የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። የቆራረጥነውን ግማሽ ያህል መልሰን ሰፋነው።

ከዚህ የከፋው ስህተት ግን የተፈጠረው አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ እትም ወደ ሰርቨሩ ስንጭን የቀድሞዎቹን ፋይሎች በሙሉ አጥፍተን በአዲሶቹ ተካናቸው፤ በጥቅሉ ዘመን እንዲህ ስናደርግ ችግር ገጥሞን አያውቅም ነበር። መርማሪዎቹ ግን ገጹን ጠዋት ከፍተው ቀኑን ሙሉ ሳይዘጉ ነው የሚሠሩት፤ በብራውዘራቸው ውስጥ ያለው የጠዋቱ እትም የሚያውቀው የጠዋቶቹን የፋይል ስሞች ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ዶሴ ለመክፈት ሲነኩ ብራውዘሩ በቀድሞው ስም ፋይሉን ጠየቀ፤ ሰርቨሩ ደግሞ እንዲህ የሚባል ፋይል የለኝም አለ፤ ገጹ ነጭ ሆነ። ስልክ ይደወል ጀመር፤ እኛም ችግሩ በእኛ ማሽን ላይ ስለማይታይ ለአንድ ሰዓት ያህል ስንደናበር ቆየን። ከዚያ ወዲህ የቀድሞው እትም ፋይሎች አዲሱ ከተጫነ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት በሰርቨሩ ላይ እንዲቆዩ ደንብ አድርገናል፤ ቁራጭ ሳይገኝ ሲቀርም ገጹ ነጭ ከሚሆን «አዲስ እትም ወጥቷል፤ ገጹን እንደገና ይክፈቱ» የሚል መልእክት እንዲያሳይ ሆኗል። ኮድ ከፋፍሎ ይህን የማያደርግ ገንቢ ሥራውን ግማሽ ላይ እንደተወ ይቁጠረው።

በአገራችን ሁኔታ በጣም ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሌላ ነው። «ሲፈለግ ይምጣ» የሚባለው ነገር፣ በሚፈለግበት ሰዓት ኔትወርክ ይኖራል ብሎ የሚያምን ሰው አነጋገር ነው። አንዲት አመልካች ቅጹን ሃያ ደቂቃ ሞልታ መጨረሻ ላይ ማስረጃ የምታያይዝበትን ቁልፍ ስትነካ፣ የማያያዣው ሞጁል ገና ያልወረደ ከሆነና በዚያች ቅጽበት መስመሩ ከተቋረጠ፣ የሞላችው ሁሉ ሊጠፋባት ይችላል። በአንድ ጥቅል ዘመን ገጹ ዘግይቶ ይከፈት እንጂ አንድ ጊዜ ከተከፈተ በኋላ ቁልፎቹ ሁሉ አብረው ነበሩ። ይህን ተቃውሞ ያነሣብኝ አንድ ባልደረባዬ ነው፤ ትክክል ስለነበር ተቀብዬዋለሁ። ስለዚህ አመልካቿ የመጀመሪያውን ሣጥን መሙላት ስትጀምር፣ እስከ መጨረሻው ለመድረስ የሚያስፈልጓት ሞጁሎች ሁሉ ከበስተኋላ ቀስ ብለው እንዲወርዱ አደረግን። ዌብፓክ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በኮዱ ውስጥ በሚጻፍ አንዲት ማስታወሻ ይህን ለብራውዘሩ ለማዘዝ ያስችላል። እሷ ስሟንና አድራሻዋን በምትጽፍበት ጊዜ ቀሪው ይደርሳል። የሞላችውም በየጊዜው በስልኳ ውስጥ ይቀመጣል። መርሁን ባጭሩ ለመግለጽ፣ ሰው የጀመረውን ሥራ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ነገር ከመካከል ላይ ሊለመን አይገባም፤ ወደ ሌላ ሥራ ሲሻገር የሚያስፈልገው ግን መጠበቅ ይችላል።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ላክል፤ ምክንያቱም ስለ ኮድ ክፍፍል ለኃላፊዎች ባስረዳሁ ቁጥር «እንግዲያው የአስተዳዳሪው ገጽ ለሕዝቡ ካልተላከ ተደበቀ ማለት ነው» የሚል ደስታ አያለሁ። አልተደበቀም። ፋይሉ በሰርቨሩ ላይ አለ፤ ስሙን ያገኘ ሁሉ ሊያወርደው ይችላል። ማን ምን ማየትና ማድረግ እንደሚፈቀድለት የሚመረመረው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ፣ በሰርቨሩ በኩል ብቻ ነው።

ከኮዱ ወጣ ብዬ ስለ ፊደላችንም ልናገር፤ ጉዳዩ አንድ ቤተሰብ ነው። የላቲን ፊደል የሚጠቀም ድረ ገጽ የሚያስፈልጉት ምልክቶች ከመቶ ብዙም አይዘልሉም፤ የዓለም ፊደላት ለኮምፒዩተር መለያ ቁጥር በተሰጣቸው በዩኒኮድ ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል ውስጥ ግን ከ350 በላይ ምልክቶች አሉ። ስለዚህ የአማርኛ ፎንት ፋይል ከበድ ይላል። አንዳንድ ድረ ገጾች ይህንኑ ከባድ ፋይል በቀጭን፣ በመካከለኛና በደማቅ ቅርጽ ሦስትና አራት ጊዜ አባዝተው ይልካሉ፤ የስልኩ የራሱ ፎንት አማርኛን አሳምሮ እያሳየ። ፎንቱም በክፍል ሊለይ፣ ብራውዘሩም በገጹ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚጠይቀውን ክፍል ብቻ እንዲያወርድ ሊታዘዝ ይችላል። የደማቁን ቅርጽ ለአርእስት ብቻ መፈለጋችንን ስናውቅ ሌሎቹን ቀነስናቸው፤ ያጉረመረመው ዲዛይነራችን ብቻ ነበር።

ኔትወርኩ እየተሻሻለ ስለሆነ ይህ ሁሉ ድካም ለምን የሚሉ ይኖራሉ። አዲስ አበባ ላይ አምስተኛው ትውልድ ኔትወርክ በሙከራ ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ሁለተኛ ቴሌኮምም በዚያው ዓመት ሥራ ጀምሯል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን መስመሩ ሲፈጥን ስልኩ አብሮ አይፈጥንም፤ ኮዱን የሚያነበውና የሚያስኬደው የስልኩ አንጎለ ኮምፒዩተር ነው። የዳታ ፓኬጅም የሚቆጠረው በፍጥነቱ ሳይሆን በሜጋ ባይቱ ነው። በፈጣን መስመር የወረደ የማያስፈልግ ኮድ የሚያስከፍለው በዘገምተኛ መስመር የወረደውን ያህል ነው።

ስለዚህ ጥሪዬ ለመሥሪያ ቤቶች ነው። ዌብ አፕሊኬሽን ለማሠራት ጨረታ ስታወጡ በቢጋሩ ውስጥ የምትጽፉት ሥርዓቱ ምን ምን እንደሚሠራ ነው፤ ምን ያህል እንደሚመዝን አትጽፉም። አመልካቹ የሚገባበት የመጀመሪያ ገጽ ተጨምቆ ከስንት ኪሎ ባይት እንደማይበልጥ፣ በገበያ ላይ ባለ ርካሽ አንድሮይድ ስልክ በሞባይል ዳታ በስንት ሴኮንድ ውስጥ ለሥራ ዝግጁ እንደሚሆን፣ የአንዱ ሚና ኮድ ለሌላው እንደማይላክ፣ አዲስ እትም ሲጫን የተከፈተ ገጽ እንደማይበላሽ ጻፉ። ገንቢው ካልተጠየቀ አያደርገውም፤ እኔም ሳልጠየቅ ያላደረግሁባቸው ዓመታት ስላሉ ነው የምናገረው። በርክክቡ ዕለትም በስብሰባ አዳራሹ ፕሮጀክተር ላይ የሚታየውን ትዕይንት ብቻ አይታችሁ አትፈርሙ።

ይህ አንቀጽ በቢጋሩ ውስጥ በገባበት አንድ ሌላ ሥራ ላይ፣ በርክክቡ ቀን ርካሽ ስልክ ያመጣ ሰው አልነበረም። ኮሚቴው ሲጨነቅ የበሩ ጥበቃ ስልኩን አዋሰን። ብራውዘሩ ቀድሞ አውርዶ ያስቀመጠውን አጥፍተን፣ ዋይፋዩን ዘግተን፣ በራሱ ዳታ ከፈትነው፤ አምስት የኮሚቴ አባላትና ሁለት ገንቢዎች አንዲት ትንሽ ስክሪን ከብበን ድምፃችንን ከፍ አድርገን ቆጠርን። ሃያ ሁለት ላይ ተከፈተ፤ በውሉ ላይ የተጻፈው ግን ስምንት ነበር። ርክክቡ ሳይፈረም ተበተንን። በማግስቱ ስንመረምር፣ አንድ ባልደረባችን በሁሉም ገጾች በሚያገለግል የጋራ ፋይል ራስ ላይ ግራፍ የሚሥለውን ላይብረሪ አንድ ቀለም ለመዋስ ብሎ አስገብቶታል፤ በዚያች አንድ መስመር ምክንያት ለይተን ያስቀመጥነው ላይብረሪ በሙሉ ወደ መግቢያው ጥቅል ተመልሶ ነበር። መስመሯን አውጥተን ቀለሙን በቁጥር ጻፍነው፤ ለጥበቃውም የወሰድንበትን ዳታ በካርድ መለስንለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ